የገናውን ጥድ ከጥምቀት በፊት ከቤት እናውጣው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ገና ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባ ሰፈሮች የተጣለ ጥድ በየአጥሩ ሥር ተጋድሞ ይታያል። ከፊሉ ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ገብቶ በልግ ሲመጣ ቱቦ ይዘጋል፣ ከፊሉም ከነብልጭልጩ ይቃጠላል። ጓሮ ግን በዚህ የበጋ ወቅት ልብስ የሚሻ ደረቅ አፈር ነው፤ ጥዱ ሊውል የሚገባው እዚያ ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ጊዜው። ታኅሣሥ 16 ለፈረንጆቹ ገና የቆመ ዛፍ ጥምቀት ሲደርስ 25 ቀን ይሞላዋል። በብዛት የሚሸጠው የፈረንጅ ጥድ ቅጠሉ እንደ ዓሣ ቅርፊት ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ደርቆም ቶሎ አይረግፍም፤ ዐይን ያታልላል። እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ አጥፋችሁ ሞክሩት፦ ከተለመጠ እርጥበት አለው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። በደረቀው ላይ መብራት አታብሩ፤ የቡናውን ከሰልና የዕጣን ማጨሻውንም አርቁ። ቅጠሉ ዘይት ስላለው እሳት ሲነካው ባንዴ ቦግ ይላል።

ስታወጡት መብራቱን ከሶኬት ነቅላችሁ ከጫፍ ወደ ታች ፍቱት። ብልጭልጩ ፕላስቲክ ነው፤ አፈር ውስጥ አይበሰብስም፣ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። በረዶ እንዲመስል የተበተነው ጥጥም እየተለቀመ ይውጣ። አሰልቺ ሥራ ቢሆንም ይህ ካልተደረገ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ዋጋ የለውም። በበር ስታሳልፉት ግንዱ ይቅደም፤ ቅርንጫፎቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ።

ከአውራ ጣት የቀጠነውን ሁሉ በአትክልት መቀስ ወይም በገጀራ 5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉት። ከሁሉ የሚሻለው አገልግሎቱ ጉዝጓዝ፣ ማለትም የተክል ሥር አፈር ማልበሻ መሆን ነው። ለጌሾ፣ ለቡና፣ ለጽጌረዳ ሥር መጀመሪያ አፈሩን በደንብ አጠጡ፣ ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱት። ደረቅ አፈር ላይ ከተነጠፈ ጥቂት ጥቂት የሚፈስሰውን ውኃ ራሱ ጠጥቶ ከሥሩ ይከለክላል። ከተክሉ ግንድ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ፤ ከተጠጋ ቅርፊቱ በእርጥበት ይበሰብሳል። ዘር የተዘራበት መደብ ላይ ግን በጭራሽ አይነጠፍ። ከፈረንጅ ጥድ ቅጠል የሚወጣው ውሕድ የጤፍና የሽምብራን ዘር መብቀል እንደሚያዳክም በምርምር ታይቷል፤ ለጎመንና ለሰላጣ ዘርም ጥንቃቄው አይከፋም።

ኮምፖስት ለምትሠሩ፣ የበዓሉ ቤት ራሱ የሚያስፈልገውን ይሰጣል፦ ከወለል የተጠረገው ቄጠማ፣ የዶሮ ወጡ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ። አንድ እጅ ጥድ፣ ሦስት እጅ ከእነዚህ። ቁመቱና ስፋቱ አንድ አንድ ሜትር ያህል ይሁን፤ ካነሰ ሙቀት አይዝም። በየሁለት ሳምንቱ ይገልበጥ፤ ጨብጣችሁ ስትጨምቁት እጅ የሚያርስ፣ ግን የማይንጠባጠብ ይሁን። ካልሞቀ ብዙውን ጊዜ ጥዱ በዝቶበታል ወይም ደርቋል፤ የዶሮ ኩስ ወይም እበትና ውኃ ጨምሩ። አጥንት አታግቡበት፣ ውሻ ይቆፍረዋል። እንጨታማው ክፍል ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል በወንፊት ለይታችሁ ወደ አዲሱ ክምር መልሱት።

ግንዱ በ30 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ተፈልጦ፣ ዝናብ በማይነካው ነፋሻ ቦታ ሁለት ሦስት ወር ይድረቅ፤ ከዚያ ማገዶ ነው። ስለሚፈናጠር ክፍት ምድጃ ላይ ሲነድ ሰው አይለየው።

ለከብት ግን አትስጡት። ሞንቴሪ ሳይፕረስ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ያረገዘች ላም እንደሚያስወርድ የታወቀ ነው።

ሥር የሌለውን ቁራጭ ጥድ መሬት ቆፍሮ ማቆም ድካም ብቻ ነው፣ አይጸድቅም። ከነሥሩ በማሰሮ የተገዛ ከሆነ እስከ ሐምሌ ጥላ በከፊል በሚያገኝ ቦታ ውኃ እያገኘ ይቆይና ክረምቱ ሲገባ ይተከል። 30 ሜትር ሊደርስ የሚችል ዛፍ ስለሆነ ከቤት፣ ከአጥርና ከመብራት መስመር ይራቅ።

ጓሮ የሌለው ነዋሪ ብዙ ነው። ወረዳዎች በገናና በጥምቀት መካከል ሁለት ቀን መድበው ጥዱ ከሌላው ደረቅ ቆሻሻ ተለይቶ እንዲሰበሰብና ለችግኝ ጣቢያዎች እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ቤት ለቤት መዞራቸው አይቀርም፤ የሚያስፈልገው ቀኑን አስቀድሞ ለነዋሪው ማሳወቅና ያልተራገፈ ብልጭልጭ ያለበትን አለመቀበል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጓሮ አትክልት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ