ካሜራው ወደ ጎዳናችን ከመውጣቱ በፊት ተቆጣጣሪው ይቅደም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፦

በመኪና ጣሪያ ላይ በተተከለ ካሜራ ጎዳናዎችን ዙሪያውን እያነሡ በኢንተርኔት ካርታ ላይ የመዘርጋት ሥራ ጎረቤታችንን ኬንያን ጨምሮ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ደርሷል። ወደ እኛ ከተሞችም በስፋት መምጣቱ የማይቀር ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንዲመጣም ከሚፈልጉት ወገን ነኝ። ኑሮዬ ፍራንክፈርት በመሆኑ ጀርመን በዚሁ ጉዳይ ከዐሥር ዓመት በላይ ያካሄደችውን ክርክር በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ከዚያ ልምድ ለአገራችን የሚበጀውና የማይበጀው ቀደም ብሎ እንዲለይ ነው። የዜጋው ግላዊ ሕይወት የሚጠበቀው እያንዳንዱ ነዋሪ «የእኔን ቤት አደብዝዙልኝ» ብሎ እንዲያመለክት በመተው ከሆነ ጥበቃው ከስም አያልፍም። ጫናው መውደቅ ያለበት በፎቶ አንሺው ድርጅት ላይ ነው፤ ይህም መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ የመፈተሽ ሥልጣን ባለው የመንግሥት አካል አማካይነት መሆን አለበት።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጎግል ስትሪት ቪው የተባለውን አገልግሎት በ2007 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ከጀመረ በኋላ በ2008 መኪኖቹን ጀርመን አሰማራ። ተቃውሞው ወዲያውኑ ነበር የተነሣው፤ በሰሜን ጀርመን የምትገኘው ሞልፍዜ የተባለች ትንሽ ማዘጋጃ ቤት እንኳ መኪናው እንዳይገባባት ተነሥታ ነበር። ሁለት አምባገነን ሥርዓቶችንና የስለላ መዝገቦቻቸውን የሚያስታውስ ሕዝብ ቤቱ ሳይጠየቅ ሲነሣ መቆጣቱ የሚገባ ነገር ነው። በመጨረሻም ኩባንያው የተቃወመ ሰው ቤት ምስሉ ከመውጣቱ በፊት እንዲደበዝዝ ለማድረግ ከሐምቡርግ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ተስማማ። በ2010 የበጋ ወራት ለሃያ ትልልቅ ከተሞች የተቃውሞ ማቅረቢያ ጊዜ ተሰጠ፤ ጊዜው መጀመሪያ አራት ሳምንት የነበረ ሲሆን በጩኸቱ ብዛት ወደ ስምንት ሳምንት ተራዘመ። 244,237 ቤተሰቦች አመለከቱ፤ ይህም በእነዚያ ከተሞች ካሉት ቤተሰቦች ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ምስሉ በኅዳር 2010 ይፋ ሆነ።

አሁን ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው እነዚህ ሁሉ ሰዎች ስለ ቤታቸው ግድግዳ ሲጨነቁ ትልቁ ጥፋት የት እንደነበረ ነው። መኪኖቹ ፎቶ ከማንሣት በተጨማሪ በየመንገዱ የሚያገኟቸውን የዋይፋይ መስመሮች ይመዘግቡ ነበር። የሐምቡርጉ ኮሚሽነር ዮሐንስ ካስፓር መሥሪያ ቤት በ2010 የጸደይ ወራት የተሰበሰበው መረጃ ይመርመር ብሎ ጠየቀ። ኩባንያው ጥያቄውን ተከትሎ የራሱን መዝገብ ሲያይ፣ ከመስመሮቹ ስም አልፎ በይለፍ ቃል ባልተጠበቁ መስመሮች ላይ ሲተላለፍ የነበረውን የሰዎች ግንኙነት ቁርጥራጭ ጭምር ሲሰበስብ መቆየቱን አገኘ፤ በግንቦት 2010ም ይህንኑ በይፋ አመነ። ከተሰበሰበው ውስጥ በአንዳንድ ቦታ ሙሉ ኢሜይሎችና የይለፍ ቃሎች ይገኙበት እንደነበር በዚያው ዓመት ገልጿል። ነገሩ በጀርመን ብቻ የሆነ አልነበረም፤ ከሠላሳ በላይ በሆኑ አገሮች ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቶ የታወቀው አንድ መሥሪያ ቤት «ክፈቱና አሳዩን» ስላለ ነው። በደጁ ያለፈችውን መኪና በመስኮት የተመለከተ ነዋሪ፣ የቱንም ያህል ንቁ ቢሆን፣ በውስጧ ያለው ሃርድ ዲስክ ምን እንደያዘ ሊያውቅ አይችልም። የግድግዳውን ፎቶ ለማስደብዘዝ ቅጽ መሙላቱም ከዚህ አያድነውም ነበር።

ቅጣቱም ሊታወስ ይገባል። ሐምቡርግ በ2013 የጣለችው መቀጮ 145,000 ዩሮ ነበር፤ በወቅቱ ሕጉ ይፈቅድ የነበረው ከፍተኛው መጠን 150,000 ዩሮ ብቻ ስለሆነ ኮሚሽነሩ ከዚያ በላይ መሄድ አይችሉም ነበር። ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ይህ ገንዘብ ምንም ማለት አይደለም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ እንዳንሆን ፍተሻው ቀድሞ መደረግ አለበት የምለው በዚህም ምክንያት ነው።

በየቤቱ የቀረበው ማመልከቻ ያስከተለውን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። በሰፈሬ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ በምድር ቤቱ ሱቅ፣ በላዩ ብዙ ተከራዮች አሉት። ከተከራዮቹ አንዱ ተቃውሞ ስላቀረበ በካርታው ላይ ሕንፃው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በግራጫ ጭጋግ ተሸፈነ፤ የሱቁ በርና መስኮት፣ የጎረቤቶቹ ሰገነትና አበባ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ሱቁን የሚፈልግ ደንበኛ በካርታው ሲመጣ የሚያገኘው ጭጋጉን ነው። ድብዘዛው ደግሞ የማይመለስ ነበር፤ ያመለከተው ሰው ቤት ቀይሮ ቢሄድም አዲሱ ተከራይ «ግለጡልኝ» ማለት አይችልም። በኤሰን ከተማ የተደበዘዙ ቤቶችን እየፈለጉ በእንቁላል የደበደቡ ሰዎችም ነበሩ፤ ልታይ ያላለ ቤተሰብ በዚያው ምክንያት ታየ ማለት ነው። የበርሊን ፍርድ ቤት በበኩሉ ከመንገድ ላይ ሆኖ ማንሣት ሕጋዊ ነው ብሎ ቢወስንም ኩባንያው በ2011 በጀርመን ተጨማሪ ምስል እንደማያወጣ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ከዐሥር ዓመት በላይ የሃያዎቹ ከተሞች ምስል በ2008 እና በ2009 እንደተነሣ ቀረ፤ የቀረው አገር ከሞላ ጎደል ባዶ ነበር። በ2023 አዲስ ምስል ሲወጣ የቀድሞው ማመልከቻ ሁሉ ስለማይሠራ የፈለገ እንደገና ያመልክት ተባለ። በዚህ ጊዜ የተሰማው ቁጣ ከበፊቱ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

ይህ አሠራር ወደ እኛ አገር ይምጣ ቢባል እንኳ አንድ ተራ ነገር ያሰናክለዋል። ጀርመን ውስጥ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በእርግጥ የዚያ ቤት ነዋሪ መሆኑ የሚረጋገጠው ወደ ቤቱ በፖስታ በሚላክለት የምስጢር ቁጥር ነበር። እኛ ዘንድ ደብዳቤ ቤት ለቤት አይታደልም፤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ሣጥን ያለው ደግሞ ስንቱ ነው? የቤት ቁጥር በወረዳ መዝገብና በመታወቂያ ላይ ቢኖርም በብዙ ሰፈር በሩ ላይ አይታይም። የራይድ ሾፌር ደውሎ መንገደኛውን የሚጠይቀው የጎዳና ስምና ቁጥር ሳይሆን «ምን አጠገብ ነዎት?» ብሎ ነው። እንግዲህ ቤቷን በኢንተርኔት ቅጽ ላይ ለይታ አመልክታ፣ ነዋሪነቷን አረጋግጣ፣ በተሰጣት ሳምንት ውስጥ የምትጨርሰው እናት የትኛዋ ናት? መብቱ በወረቀት ላይ ይኖራል፤ የሚጠቀሙበት ግን ስልክና ጊዜ ያላቸው ጥቂቶች ይሆናሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የአጥራችን ነገር ነው። የጀርመን ቤት ፊቱን ለመንገድ የሰጠ ነው፤ ከመንገድ የሚታየው ግድግዳና መስኮት ነው። የእኛ ቤት ሕይወት ያለው በግቢ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለው የእናቴ ግቢ ከመንገዱ የሚለየው ከሰው ቁመት ብዙም በማይበልጥ የቆርቆሮ አጥር ነው። ከአጥሩ ጀርባ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አለ፤ በርበሬው ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ማድቤቱ ለብቻው ነው፣ የመታጠቢያው በር መጋረጃ ብቻ ነው፤ እናቴም ነጠላዋን ሳትደርብ ወዲህ ወዲያ ትላለች። በእግሩ የሚያልፍ ሰው ከዚህ አንዱንም አያይም፤ አንገቱን አስግጎ ልይ ቢል ደግሞ ሰፈሩ ዝም አይለውም። በመኪና ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ካሜራ ግን ሁሉንም አይቶ ለዓለም ያሳያል። በእኛ ዘንድ የፊት መደብዘዝ ብቻ አይበቃም፤ ጎረቤት ሰውን የሚለየው በፊቱ ብቻ አይደለምና።

ጃፓኖች ይህን ቀድመው አይተውታል፤ የእነሱም ቤት አጥሩ ዝቅ፣ መንገዱም ጠበብ ያለ ነው። በ2009 በቀረበው አቤቱታ የተነሣ ጎግል በጃፓን ካሜራውን በ40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ያነሣውን እንደገና ለማንሣት ተስማምቷል። የስዊዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2012 በሰጠው ውሳኔ መንገደኛ ሊያየው የማይችለውን የታጠረ ግቢና የአትክልት ቦታ ከሁለት ሜትር ከፍታ በላይ አንሥቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማውጣትን ከልክሏል። በዚሁ ውሳኔ በራስ ሰር ማደብዘዣው እስከ አንድ በመቶ የሚደርስ ስሕተት ቢኖርበት ይቻላል ሲል፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በእስር ቤት፣ በፍርድ ቤትና ለተጠቁ ሴቶች መጠለያ በሆኑ ቤቶች አካባቢ ግን ሰው ጨርሶ እንዳይለይ አዟል። እኛ ዘንድ በዚህ ዝርዝር ላይ የጸበል ቦታዎች ሊጨመሩ ይገባል፤ ሕመምተኛ በችግሩ ሰዓት በሚገኝበት ቦታ ለዓለም እንዲታይ የሚፈቅድ ቤተሰብ የለም።

ይህን ሁሉ ስል ሥራው ይቅር ማለቴ አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ሊሄድበት ያሰበው ቦታ ደረጃ ይኑረው አይኑረው ከቤቱ ሳይወጣ ማየት ይችላል፤ አምቡላንስም በሩን በቶሎ ያገኛል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ ትውልድ የኖረባቸው መንገዶች ምን ይመስሉ እንደነበር በሥርዓት ተነሥቶ የተቀመጠ፣ ማንም ገብቶ ጥግ በጥግ የሚያየው ምስል አልነበረንም። ያለን ሰዎች በየስልካቸው ያነሡት ነው፤ አብዛኛውም ሊፈርስ ሲል የተነሣ ነው። በሌሎች አገሮች ከ2014 ጀምሮ አንድ ጎዳና በየዓመቱ የነበረውን መልክ ወደ ኋላ እየመለሱ ማየት ተችሏል። ገና ያልተነኩ ሰፈሮች በሐረርም፣ በጎንደርም፣ በጅማም አሉ፤ እነሱን ለማንሣት በቆየን ቁጥር የምናጣው ይበዛል።

ስለዚህ ማን ያንሣ፣ ምስሉስ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። ሕንድ እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2011 የቤንጋሉሩ ፖሊስ የጎግልን መኪኖች አስቆመ፤ በ2016 መንግሥቱ በደኅንነት ምክንያት ፈቃድ ከለከለ። በ2021 የወጣው መመሪያ ግን የጎዳና ምስል ማንሣትን ለአገር ውስጥ ድርጅቶች ብቻ ፈቀደ፤ በ2022ም አገልግሎቱ በዐሥር ከተሞች ሲጀመር ያነሡት ጄነሲስና ቴክ ማሂንድራ የተባሉ የሕንድ ኩባንያዎች ነበሩ። እኔ በአገር ውስጥ ድርጅት መነሣቱ ብቻውን ዋስትና ነው አልልም፤ የአገር ሰውም ያላግባብ ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን ዋናው ምስል አገር ውስጥ ካልቀረ ተቆጣጣሪው «ክፈቱና አሳዩን» የሚለው ማንን ነው?

እኛ ከባዶ አንነሣም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የመቆጣጠሩ ሥልጣንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም የካርታ ሥራን የሚያውቁ ባለሙያዎች አሉት። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ማንኛውም ድርጅት ለዚህ ሥራ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የሚፈጸም የጋራ መመሪያ እንዲያዘጋጁ በዚህ ጋዜጣ በኩል እጠይቃለሁ። መመሪያው የካሜራውን ከፍታ በሜትር ይወስን፤ መኪናው የተሸከመው መሣሪያ ሁሉ ተዘርዝሮ እንዲመዘገብ፣ በሥራ መካከልም ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲፈተሽ ያዝዝ። ያልደበዘዘው ዋና ምስል ስንት ወር እንደሚቀመጥና መደምሰሱን ማን እንደሚያረጋግጥ ይግለጽ፤ የደበዘዘው ምስል አንድ ቅጂም በየዓመቱ ተለይቶ ለሕዝብ በሚከፈት የመንግሥት ማኅደር ይቀመጥ። መኪናው በየወረዳው የሚያልፍበት ቀን በራዲዮ ብቻ ሳይሆን በዕድር ጥሩንባም ጭምር ይነገር። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቤቴ አይታይ የሚል ሰው ቢኖር ወረዳው ድረስ ሄዶ በቃሉ እንዲያመለክትና ጸሐፊው እንዲመዘግብለት ይደረግ፤ የማመልከቻው ጊዜም በሳምንታት የተገደበ አይሁን።

ከአክብሮት ጋር
ነዋሪነቱ ፍራንክፈርት፣ ጀርመን የሆነ አንባቢያችሁ