ባልደረባችን በበረኪናና በአሲድ ጭስ በታፈነች ጊዜ ለደረሳችሁልን ሁሉ

የጽዳት ባልደረባችን ዛሬ ደረጃውን ሳታርፍ ትወጣለች፤ ሌሊት በሳል መንቃቷም ቀርቷል። ከፈጣሪ ቀጥሎ ለዚህ ያበቃችኋት እናንተ ናችሁ። ስም አንጠራም፤ ማን ምን እንደሠራ ግን ይታወቅ።

የጥበቃው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ከበረኪናና ከአሲድ ድብልቅ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትገውን ሰው ነው ቀድሞ የሚይዘው። እርስዎ ከበሩ አጠገብ ስበው አወጧት፤ ባልዲውን ልድፋ ብለው አልተመለሱም፤ ሌላ ሰውም አላስገቡም። ሁሉም «ወተት! ወተት!» ሲል እምቢ ማለትዎ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ የተቃጠለው ግን የአየር ቧንቧዋ ነበር። በዚያ ላይ ክፉኛ የሚያስል ሰው በሚጠጣው ሊታነቅ ይችላል።

የዕቃ ክፍሏ እህታችን፣ አሲዱ ምልክት በሌለው የሃይላንድ ጠርሙስ ተገልብጦ ስለነበር ዋናውን ጄሪካን ፈልገሽ ጽሑፉን በስልክ አንስተሽ ባትልኪ ኖሮ ሐኪሞቹ በግምት ይሠሩ ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ክሎሪን፣ ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን ያወጣል።

ሲስተር፣ «ደህና ነኝ» ብላ ስትነሳ አላሰናበቷትም፤ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ከሰዓታት በኋላ ዘግይቶ ሊጠራቀም ይችላልና። ስፔሰር፣ ማለትም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት መርጫው (ፓፉ) የሚገጠምበት ቱቦ ሲጠፋ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ቀደው፣ ዙሪያውን በፕላስተር ዘግተው የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን መድኃኒት፣ ሳልቡታሞሉን፣ ሰጧት፦ አንዴ ተጭኖ ጥቂት ትንፋሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው። አራት ጊዜ ባንድ ላይ መርጨት መድኃኒት ማባከን ነው። ጠርሙሱ በሳሙና ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል ይድረቅ ማለትዎንም ይዘናል፤ በጨርቅ የታሸ ፕላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ራሱ ይስባል።

ዶክተር፣ ለእርስዎ ምስጋናችን ይበዛል። ሳሉ አልለቅ ሲላት ሌላ ቦታ «ብርድ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዝዞላት ነበር። እርስዎ መጀመሪያ የጠየቁት ሥራዋን ነው። ከፓፍ በፊትና በኋላ በትንፋሽ መለኪያው አስነፏት፤ በመጀመሪያው ሰከንድ የምታወጣው አየር ከ12 በመቶና ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ጨመረ፤ አስም መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ከዱቄት ወይም ከፀጉር ማንጫ የሚመጣው አስም ሰውነት እስኪቆጣ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ይሄኛው ግን፣ ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. ስም ያወጡለት፣ ከአንድ ከባድ መታፈን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይቆያል። ጉዳቱ ከሥራ የመጣ መሆኑን ጠቅሰው የጻፉላት ወረቀትም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መብቷን ስትጠይቅ ትልቁ ማስረጃዋ ሆኗል።

ተቆጣጣሪያችን፣ ከጭሱ የራቀ ሥራ ስለሰጧት፣ አሲዱንም ከመጋዘን ስላስወጡ እናመሰግናለን። ባለ 5 በመቶ በረኪና ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ «ካልሸተተ አልጸዳም» ለሚሉ ሰዎች ይህንን ይንገሩልን። የጨርቅ ማስክ ጋዝ አያስቀርም፤ ስለዚህ አየር ማስወጫው ካልሠራ መስኮት የሌለው ሽንት ቤት በበረኪና አይታጠብም ያሉት ትእዛዝ እንዲጸና አደራ እንላለን።

የጽዳት ክፍል ባልደረቦችና የሥራ ደህንነት ኮሚቴው