ሰባቱን እንደገና፦ የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው ዕቅዳችን ሲቀርብ መምህራን ክፍል ውስጥ «ያነበቡትን ለመድገም ደግሞ ክበብ ያስፈልጋል?» ተብሎ ነበር። ዳዊት የሚደግም ሰው «ትናንት አልደገምከውም ወይ?» አይባልም። የመረጥነው የጄ. ኬ. ሮውሊንግን ሃሪ ፖተር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 የወጡ ሰባት ቅጾች፣ ማሳረጊያውን ሳይጨምር 198 ምዕራፍ።

ሰባቱንም አንድ ጊዜ ያልጨረሰ አልተመዘገበም። ፊልሙን ብቻ ያዩት ቅር ቢላቸውም፣ መጨረሻውን የማያውቅ አንድ ሰው ካለ ስለ ፍንጭ በነፃነት ማውራት አይቻልም። የአባላት ደብተር ሦስት ዓምድ አለው፦ ምዕራፉ፣ ያኔ የመሰለኝ፣ አሁን ያየሁት። የእንግሊዝና የአሜሪካ እትሞች ገጽ ስለማይገጥም በገጽ ቁጥር አንሠራም። አስቸጋሪው ፍጥነት ነው፤ ታሪኩን የሚያውቅ ዓይን ይዘላል። ስለዚህ በየስብሰባው አንድ ምዕራፍ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ደብተሮቹ የሞሉት በዚህ መንገድ ነው። ግዙፉ ሃግሪድ በራሪውን ሞተር ብስክሌት ከሲሪየስ ብላክ እንደተዋሰ የሚናገረው ገና በ1ኛው ቅጽ ምዕራፍ 1 ነው፤ ሰውየውን የምናገኘው ግን በ3ኛው። የመድኃኒት ቅመማ መምህሩ ስኔፕ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ፍየል ሆድ ድንጋይ ይጠይቃል፤ በ6ኛው ቅጽ ምዕራፍ 18 የሃሪ ጓደኛ ሮን ከመርዝ የሚተርፈው በዚያው ድንጋይ ነው።

ከሚኒ ሚዲያ ጋር ያዘጋጀነው ጥያቄና መልስ፣ የሰኞ ጠዋት የመጽሐፍ ማስተዋወቅ፣ ወርኃዊ ስብሰባዎች ሁሉም በዕቅዱ ሄደዋል።

እንጦጦ ፓርክ የሄድን ቀን ግን 5ኛው ቅጽ ባሕር ዛፉ ሥር ተበተነ። የምዕራፍ 6 አንዱ ቅጠል ጠፋ። ብዙ የማትናገር የ9ኛ ክፍል ተማሪ «እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ተነሣችና በምዕራፉ ያለውን የቤት ጽዳት ዕቃ በዕቃ ተረከችው፦ ባለ ብዙ እግሩ መቆንጠጫ፣ ሰሚውን የሚያዝለው የሙዚቃ ሣጥን፣ ማንም ሊከፍተው ያልቻለ ከባድ የአንገት ሀብል፣ አሮጌ ማኅተሞች። ሀብሉ ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ ሌሎቹ በአንድ ላይ ጮኹ። በ7ኛው ቅጽ ጀግኖቹ የሚያሳድዱት ሀብል እጃቸው ገብቶ ነበር! ደራሲዋ የደበቀችው በዝርዝር መሀል፣ አደገኛ ከሆነው ሣጥን ቀጥሎ ነው። አንባቢ ከአደጋው ሲተርፍ ቀጣዩን ዕቃ አያይም። ይህን ያብራራችው ተማሪዋ ራሷ ናት፤ ለእኔ የተረፈኝ ማጨብጨብ ብቻ ነበር።

በ38 ምዕራፉ 5ኛ ቅጽ ላይ አባላት ሳስተዋል፣ ፈተናም ደረሰ፤ 7ኛውን አልጨረስንም።

ወደ ተበተነው ቅጽ ስንመለስ፣ በሙጫ ብቻ የተያዘ ወፍራም መጽሐፍ መሀሉ ተለጥጦ ሲከፈት ጀርባው ይሰነጠቃል። ፕላስተር ቢለጠፍበት፣ ፕላስተሩ ሲደርቅ አጠገቡ ያለውንም ቅጠል ይቀድዳል። የሚያዋጣው ቅጠሎቹን አስተካክሎ፣ ከጀርባው ግማሽ ሴንቲሜትር ገባ ብሎ አምስት ቦታ በወስፌ በስቶ፣ በጠንካራ ክር ሰፍቶ፣ ጀርባውን ነጭ ሙጫ ቀብቶ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር ነው። ወስፌውን ከቤት አምጥተናል። የኳስ ክበቡ ማሊያ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አንቀናም፤ እኛ የምንጠይቀው የክርና የሙጫ ወጪ፣ እንዲሁም የ5ኛውን ቅጽ ሁለት ኮፒ ነው። ያገለገለም ይሁን፣ ቅጠሉ ካልጎደለ እንቀበላለን፤ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ መስጠት ይቻላል።