መልቀቂያሽ በእጅሽ ሳይገባ አትውጪ

ለምወድሽ ልጄ፤

ጤናሽ እንደምን ነው? እኔና እናትሽ ደኅና ነን። ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ፣ የምታስተምሪበትን ትምህርት ቤት ትተሽ በዚያው አገር ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ልትዛወሪ እንደሆነ፣ ለርእሰ መምህሩም በቃል ብቻ እንደነገርሽና ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱን ሥራ እንደምትጀምሪ ነገረኝ። የተሻለ ደመወዝ በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ የነሣኝ ግን «ቪዛዬ ገና ሰባት ወር ስለሚቀረው ችግር የለም» አለች ማለቱ ነው።

ልጄ፣ ችግር አለ። በብዙ አገሮች የውጭ አገር መምህር የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ከቀጠረው ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ከዚያ ቤት የወጣሽ ዕለት በፓስፖርትሽ ላይ ያለው ቀን ባያልፍም ፈቃዱ የቆመበትን መሠረት ያጣል። አዲሱ ቀጣሪ ፈቃዱን በስሙ ሳያዛውር አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ብታስተምሪ፣ ለሙከራ ነው ቢሉሽም ያለ ፈቃድ እንደሠራሽ ሊቆጠርብሽ ይችላል፤ ቅጣቱም ትምህርት ቤቱን ብቻ ሳይሆን አንቺንም ያገኝሻል። ስለዚህ መልቀቂያሽ በእጅሽ ሳይገባ ከዚያ ትምህርት ቤት አትውጪ።

በቃል የተነገረ ስንብት በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ውልሽን አውጥተሽ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያው ስንት ቀን እንደሆነ አንብቢ፤ ከዚያም የመልቀቂያ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ የተቀበለሽ ሰው በቀሪው ቅጂ ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። ከትምህርት ቤቱ የምትወስጃቸው ወረቀቶች ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። መልቀቂያው ውሉ በስምምነት መቋረጡንና ወደ ሌላ ቀጣሪ ብትሄጂ ተቃውሞ እንደሌላቸው የሚገልጽ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃው ግን ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የትኛውን ትምህርት፣ ለየትኛው ክፍል፣ በሙሉ ጊዜ እንዳስተማርሽ መናገር አለበት፤ የትምህርት ቤቱ አድራሻ በታተመበት ወረቀት ላይ ተጽፎ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። የሥራ ፈቃዱ የተሰረዘበትንም ማስረጃ ጠይቂ፤ በአንዳንድ አገር ያለ እርሱ አዲስ ፈቃድ አይሰጥም።

የእኔን ታሪክ ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ቀሪውን ግን ከእናትሽ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። በሰው አገር ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ፣ ደመወዜ ሦስት ወር ስለዘገየ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቼ፣ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። መቆጣቴ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። የምጸጸተው ደብዳቤ መለመን ውርደት መስሎኝ ባዶ እጄን መውጣቴ ነው። ከዓመታት በኋላ የሥራ ልምዴን ስጠየቅ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፤ ትምህርት ቤቱ ባለቤት ለውጦ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ተበትነው፣ አንድም መልስ አልመጣም። በእጄ የነበረው በሰማያዊው ሻንጣ ውስጥ የምታውቂው ከተማሪዎቼ ጋር የተነሣሁት ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። በሠላሳ አምስት ዓመቴ በጀማሪ መምህር ደመወዝ ተቀጠርሁ። አንቺ የተወለድሽው በዚያ ዓመት ነው፤ እናትሽም አራስ ቤት ሳትጠግብ ወደ ሥራ የተመለሰችው በዚያ ምክንያት ነው። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል።

ስለዚህ ምንም ቢያስቆጡሽ፣ መልቀቂያሽ በእጅሽ ሳይገባ አትውጪ።

አሁን ወደ ዲግሪሽ ልመለስ። አዲሱ ቀጣሪ የተረጋገጠ ዲግሪ ይጠይቅሻል። እ.ኤ.አ. በ1961 በሄግ ስለ ሰነድ ማረጋገጫ የተደረገው ስምምነት በሚሠራባቸው አገሮች መካከል አፖስቲል የተባለው አንድ ማረጋገጫ ይበቃል፤ ከሁለቱ አገሮች አንዱ የስምምነቱ አባል ካልሆነ ግን ሰነዱ በወጣበት አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከተረጋገጠ በኋላ በተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይጸድቃል። ደንቡ ይለወጣልና የጓደኛ ወሬ ይዘሽ አትነሺ፤ ቻይና ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 7 ቀን 2023 ጀምሮ በስምምነቱ መሠረት መሥራት ስለጀመረች፣ ከዚያ በፊት የሄዱ መምህራን የሚነግሩሽ የኤምባሲ ደጅ ጥናት ከአባል አገር ለሚመጣ ሰነድ ቀርቷል። አፖስቲል የሚሰጠው ሰነዱ በወጣበት አገር ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ሆነሽ ከዚህ አገር ያገኘሽውን ዲግሪ ማስረጋገጥ አትችዪም። ዲግሪሽን በፕላስቲክ አታስለብጪው፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። አፖስቲሉ ከሰነዱ ጋር የተያያዘበትን ስፌትም ፎቶ ኮፒ ለማንሣት ብለሽ አትንቀዪ።

ከወንጀል ነጻ መሆንሽን የሚገልጸውን ማስረጃ አሁን ከምትኖሪበት አገር ፖሊስ እዚያው ሳለሽ አውጪ፤ ከወጣሽ በኋላ የጣት አሻራ ልኮ ማስወጣት ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ብዙ ቀጣሪዎች ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በላይ የቆየውን ስለማይቀበሉ ግን ቀኑን ሳታሰሊ አትቸኩዪ። በፓስፖርትሽ፣ በዲግሪሽና በሥራ ልምድሽ ላይ ስምሽ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ አስተያዪ፤ የአያትሽ ስም በአንዱ ላይ ኖሮ በሌላው ላይ ከጎደለ አስቀድመሽ አስተካክዪ። የባንክ ሒሳብሽን የመጨረሻው ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያሽ ሳይገባ አትዝጊ።

እኔ ሰኞ ወደ ዩኒቨርሲቲሽ ሄጄ ትራንስክሪፕትሽን ታሽጎ እንዲላክ እጠይቃለሁ። ያለ ውክልና ላያስተናግዱኝ ስለሚችሉ፣ በኤምባሲው በኩል የተረጋገጠ ውክልና ላኪልኝ። ለአዲሱ ትምህርት ቤትም የመጀመሪያ ቀንሽን እንዲያራዝሙልሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ በእውነት የሚፈልጉሽ ከሆነ ይጠብቁሻል። የደከምሽ መስሎኛል፤ በደንብ ብዪ፣ ሌሊትም ተኚ።

መልቀቂያው የተፈረመ ዕለት በስልክሽ አንሥተሽ ላኪልኝ። በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ደውዪ፤ ነቅቼ እጠብቃለሁ።

አባትሽ