ለመንዝ መንገድ የሚሆን መኪና

እህትዬ እንዴት ነሽልኝ? እናትሽስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ፣ በመሀል ስንቱ አለፈ፣ አንቺ ደብረ ብርሃን ገባሽ፣ እኔም ሰፈር ቀየርኩ ስልክ ቀየርኩ፣ ግን ከሀሳቤ ወጥተሽ አታውቂም። ባለፈው ታናሽ እህትሽን መንገድ ላይ አግኝቻት መሀል ሜዳ እንደተመደብሽ፣ የበግ እርባታውን ስራ ይዘሽ ገጠር ለገጠር እንደምትዞሪ፣ ለዛም ያገለገለ ትንሽ ፎር ዊል መኪና እየፈለግሽ እንደሆነ ስትነግረኝ በቃ ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ አልኩ። ደላላው የላከልሽን ነጭ ራቭ ፎር እሷው ስልክ ላይ አሳየችኝ። ቆንጆ መኪና ነው፣ ግን ላንቺ ስራ አይሆንም፣ እባክሽ ቀብድ እንዳትሰጪ።

መንገዱን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶች ይዤ መንዝ ወዳለው የጓሳ ደጋ ስመላለስ ለምጄዋለሁ። እስከ ጣርማበር አስፋልት ነው፣ ማንኛውም መኪና ይወስድሻል። ጉዱ ያለው ወደ መንዝ ከታጠፍሽ በኋላ ነው፣ እሱም ዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን በጎቹ ያሉበት ቀበሌ ድረስ ስትገቢ፣ ድንጋዩ፣ ቁልቁለቱ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ዋልካው። ከፍታውን ደግሞ አትርሺ። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው ያለው፣ እዛ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ 140 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የሚሸጥልሽ መኪና ጓሳ ላይ 95 አካባቢ ነው የሚቀርለት፣ ዳገት ላይ ጭነት ይዘሽ ድንጋይ ለድንጋይ ቀስ እያልሽ ስትወጪ ያ ጉልበት አይበቃም፣ ሞተሩ ይታፈናል አንቺም ፍሪሲዮን ስታቃጥዪ ትውያለሽ።

ለዚህ ነው ፎር ሎው ያለው መኪና ፈልጊ የምልሽ። ፎር ዊል መሆኑ ብቻ አይበቃም እህቴ፣ ሰው ሁሉ ፎር ዊል ነው ወይ ብሎ ይጠይቅና አዎ ሲባል ይገዛል። ፎር ሎው ማለት ከካምቢዮው ሌላ ተጨማሪ ከባድ ማርሽ አለው ማለት ነው፣ ፍጥነቱን ግማሽ ያደርግና ጎማው ላይ የሚደርሰውን ኃይል ወደ እጥፍ ያመጣዋል። ለመውጣት ብቻ አይምሰልሽ፣ ለመውረድ ነው ዋናው። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከረገጥሽ ጎማው ይቆምና መኪናው በራሱ ይንሸራተታል። ፎር ሎው አንደኛ ማርሽ አስገብተሽ እግርሽን ከፔዳሎቹ ሁሉ ብታነሺ ግን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳይፈጥን ቀስ ብሎ ያወርድሻል፣ አንቺ መሪውን ብቻ ነው የምትይዢው። ይሄን አንዴ ካየሽ ያለሱ መሄድ አትፈልጊም።

አሁን ያየሽው ራቭ ፎር ሶስተኛው ትውልድ ነው፣ በፈረንጅ ከ2005 በኋላ የወጣው። ብዙውን ጊዜ የፊት ጎማ ነው የሚጎትተው፣ ሲንሸራተት ነው ኋላው የሚታዘዘው፣ ሎክ የሚል ቁልፍ አለው ግን ከ40 ኪሎሜትር በላይ ስትሄጂ ራሱ ይለቃል፣ ፎር ሎው ጭራሽ የለውም። ለአዲስ አበባና ለጠጠር መንገድ ግሩም ነው፣ በዛ አልከራከርም። ተሪዮስም ቀላልና ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይገባል፣ ግን ፎር ሎው የለውም፣ ደግሞ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደውም አለና ከስር ሳታዪ አትመኚው። ጂምኒ ሻንሲው ጠንካራ፣ ፎር ሎው ያለው፣ ድንጋይ ላይ ፍየል የሆነ መኪና ነው፣ በጣም ነው የምወደው፣ ግን ያገለገለው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ 1.3 ነው፣ ኋላው ሰው ከተቀመጠበት እቃ ማስቀመጫ የለውም፣ አንቺ ደግሞ የክትባት ሳጥኑንም ባለሙያውንም ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ላዳ ኒቫም ፎር ሎው አለው፣ ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ስትመላለሺ ጩኸቱ ያደክምሻል።

የኔ ምርጫ የሱዙኪው ግራንድ ቪታራ ነው፣ በፈረንጅ ከ2005 እስከ 2015 የተሰራው፣ ባለ 5 በሩ፣ 2.0 ሞተር፣ ማንዋል። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የሚሄደው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው መሀል ዲፈረንሻሉ ይቆለፋል፣ ፎር ሎው አለው፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ገደማ ከፍ ይላል፣ እቃውም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ግን ስሙን ብቻ አይተሽ እንዳትገዢ፣ ከአሜሪካ የመጣው ውስጥ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ፎር ኤች፣ ፎር ኤች ሎክ፣ ፎር ኤል ሎክ የሚል መዞሪያ ከሌለው ተዪው። አቅሙ ካልፈቀደ የድሮው ቪታራም አይከፋም፣ ላሜራው ካልዛገ ማለቴ ነው፣ ግን እሱ መሀል ዲፈረንሻል ስለሌለው አስፋልት ላይ ወደ ሁለት ጎማ መመለስ አለብሽ፣ አለዚያ ካምቢዮውን ይጎዳዋል።

ልታዪው ስትሄጂ በጠዋት ሂጂ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ባለቤቱንም ቀድመህ እንዳታስነሳ በይው። ሲነሳ ከፊት በኩል የሰንሰለት ኳኳታ ከሰማሽና ቶሎ ካልጠፋ ታይሚንግ ቼይኑ ደክሟል ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ቀላል ወጪ አይደለም። ከዛ ካርቶን አንጥፈሽ ከስሩ ተኚ። እውነቴን ነው፣ ልብስሽ ይቆሽሽ። ከላይ ያለውን ቀለም ስቱኮና ፖሊሽ ያሳምረዋል፣ ከስር ግን ብዙ ይነግርሻል። ሻንሲው ላይ ትኩስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ምን ሊሸፍኑ ነው ብለሽ ጠይቂ። የፊት ዲፈረንሻሉን በእጅሽ ዳብሺው፣ ዘይት ካረጠበው እዪ፣ የዚህ መኪና ደካማ ጎኑ እሱ ነው፣ ስትነጂውም ከ60 በላይ ከፊት ወለሉ ስር የሚያፏጭ ድምፅ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል።

ቆመሽ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ማርሹን ነፃ አድርጊና መዞሪያውን ወደ ፎር ኤል ሎክ፣ ማለትም ወደ ፎር ሎው፣ አዙሪው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ መቆም አለበት። ብልጭታው ካልቆመ አልገባም ማለት ነው፣ ከተማ ውስጥ ማንም ስለማይነካው ለአመታት ሳይሰራ ደርቆ የቀረ ብዙ አለ። ሻጩ ኧረ ይሰራል ቢልሽ አትስሚው፣ ፊትሽ አስገብቶ ያሳይሽ። ከዛ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አውጪው፣ የሞቀ ሞተር፣ ዳገት፣ ከፍታ፣ ሁሉንም ባንዴ ታዪበታለሽ፣ የሙቀት መርፌው ከመሀል ከወጣ ተመለሺ።

ጎማውን አራቱንም አወዳድሪ። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ የተላጩ ከሆኑ ወይ ልካቸው ከተለያየ፣ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄድ መኪና ላይ መሀል ዲፈረንሻሉን ይበላዋል። ከገዛሽ በኋላ ከሬድዮውም ከወንበር ልብሱም በፊት አራት አንድ አይነት ኤቲ ጎማ፣ ለአስፋልትም ለጭቃና ለድንጋይም የሚሆነውን፣ ግዢ፣ የከተማ ጎማ ዋልካ ሲሞላው ሳሙና ነው። ድንጋያማው ላይ ነፋሱን ከ30 ወደ 22 አውርጂና ቀስ ብለሽ ሂጂ፣ አስፋልት ስትደርሺ መልሰሽ ሙዪ፣ ለዛ ትንሽ ኤሌክትሪክ መንፊያ፣ ጥሩ ክሪክና የተሟላ ስኮርት ጎማ ሁሌም ይኑርሽ።

ወረቀቱን በተመለከተ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይግጠም፣ ባለስሙ ራሱ ይምጣ፣ የውክልና ውክልና የያዘ ሰው ጋር እንዳትዋዋዪ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም ቀረጡ ሳይከፈል ስም እንደማይዞር እወቂ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በኛ አቆጣጠር በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው ነው የሚዟዟረው፣ ሻጩም ያውቃል፣ ዛሬ ካልገዛሽ ያልቃል ብሎ ያጣድፍሻል። አያልቅም። ቪታራ ሞልቷል።

ደላላው የሚልክልሽን ሁሉ ወደኔ አስተላልፊ፣ የዳሽቦርዱንና የስሩን ፎቶ ጠይቂው። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ነኝ፣ ደህና መካኒክ አለኝ፣ ቅዳሜ ከመጣሽ ሶስታችን ዞረን እናያለን፣ ማታም እኛ ቤት ታድሪያለሽ፣ የምናወራው ብዙ አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀሽ ተነሺ። እናትሽን አጥብቀሽ ሳሚልኝ።

ያንቺው