«ያየው ማን ነው?»፦ የክርክርና የአመክንዮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በ31 አባላት ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። የአመራር ምርጫ በጥቅምት ተካሂዷል፤ በክፍሎች መካከልም አራት ክርክሮች ተደርገዋል። ይሁን እንጂ «የላቲን አባባል ለልጆቻችን ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም በተደጋጋሚ ስለደረሰኝ፣ ዘገባዬ በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ተማሪዎቻችን በክርክር መሀል ሲጨንቃቸው የሚሸሸጉት «እገሌ እንዲህ ብሏል» ከሚለው ሥር ነው፤ ልማዱን ለማረም ደግሞ በስሙ መጥራት ይቀድማል። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ እንደጻፈው፣ የግሪካዊው ፈላስፋ የፓይታጎረስ ተከታዮች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «እሱ ራሱ ብሎታል» ብለው ይመልሱ ነበር ይባላል፤ የላቲኑ «ኢፕሴ ዲክሲት» ይኸው ነው። አባላቱን ይበልጥ የያዛቸው ግን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ «አርጉሜንቱም አድ ቬሬኩንዲያም» ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ ይህም ሰው የተከበረን ሰው መቃወም ድፍረት እንዳይሆንበት አፍሮ የሚቀበለው ክርክር ነው። ለዚህ የአማርኛ አቻ ፍለጋ ሦስት ሐሙስ ከደከምን በኋላ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ይሉኝታ ነዋ!» አለ። ከዚያ ወዲህ በክበባችን «የይሉኝታ ክርክር» ይባላል፤ ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አላገኘሁም።

በየካቲት አንድ ቀን፣ ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሊዮ ከፒሳ ግንብ ላይ ሁለት ክብደታቸው የተለያየ ነገሮችን ጥሎ «ከባዱ ፈጥኖ ይወድቃል» ያለውን የጥንቱን ፈላስፋ አርስቶትልን እንዳሳፈረ ስተርክ፣ በአንደኛው ወሰነ ትምህርት አንድም ጊዜ እጇን ያላወጣች የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ሲጥል ያየው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳጣራ፣ ታሪኩን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ቪቪያኒ እንደሆነ፣ እሱም የተወለደው ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለበት ጊዜ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1622 እንደሆነ አገኘሁ፤ በሚቀጥለው ሐሙስም ይህንኑ ለአባላቱ ተናገርኩ። ተማሪዋ ግን በዚያ አልረካችም። ከስፖርት ክፍል የተዋስነውን አሎሎ በደረቷ አቅፋ፣ በኪሷ የጡጫ ያህል ድንጋይ ይዛ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። ታች የቆሙትን «ራቅ በሉና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ» ብላ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለቀቀቻቸው። አሸዋው ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከስድስቱ ሙከራዎች በሁለቱ እጆቿ እኩል ስላልለቀቁ ሁለት ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ እነዚያንም ሳትደብቅ ደብተሯ ላይ አሰፈረች። በ16 ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚያች ቅጽበት የነካኝ ጥቂት ነው።

ልጆቹ ታላላቆቻቸውን መናቅ ይማራሉ የሚል ሥጋት ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ አንድ ሐሙስ መጥታችሁ አዳምጡ። የሐኪምን ቃል የምንቀበለው ከጀርባው ሊመረመር የሚችል ማስረጃ ስላለ መሆኑንም አስተምረናል። በ1660 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የለንደኑ የሳይንቲስቶች ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ መፈክሩ «ኑሊዩስ ኢን ቬርባ»፣ ማለትም «የማንንም ቃል ብቻ አምነን አንቀበልም» የሚል ነው፤ ይህን ያሉት ሳይንቲስቶች መምህራኖቻቸውን የናቁ አልነበሩም።

በሚያዝያ መሰብሰቢያ ክፍላችን ለሌላ ሥራ በመፈለጉ አራት ሳምንት አልተሰበሰብንም፤ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ያደረግነው ዝግጅትም በዚሁ ምክንያት ተቋርጧል። የማባዣ ወረቀቱን ዓመቱን ሙሉ የገዛሁት ከደመወዜ ነው፤ ለሌሎች ክበባት መለያና ኳስ ሲገዛ ለእኛ አንድ ደስታ ወረቀት እንኳ አለመመደቡ አግባብ አይመስለኝም። ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ቋሚ ክፍል፣ የወረቀት በጀትና አንድ የሩጫ ሰዓት ነው። ተማሪዋ የመውደቂያውን ጊዜ ለመለካት ሠንጠረዡን ከወዲሁ አሥምራ ጨርሳለች።