ጉድጓዱ አልቋል፣ የቀረን ክዳኑ ነው

ውድ ጎረቤቶቻችን፣

ቆሻሻችንን ወደ ማብሰያ ጋዝ የሚቀይረው የባዮጋዝ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግድግዳው ቆሟል። ጉልበቱ የእናንተው ነበር፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን ግን ገንዘባችን አልቆ ሥራው ተቋርጧል። የቀረን ጋዙን የሚይዘው ክዳንና ወደ ምድጃ የሚወስዱት ቱቦዎች ናቸው።

«ክዳኑን በርካሽ ብትሠሩትስ?» ያላችሁን አላችሁ። አይሆንም። ጋዙን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅን ካገኛቸው ይሞታሉ። ክዳኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሚቴን የሚባለው የሚነደው ጋዝ ያመልጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀት በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የቆሻሻ ክምር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ከሥር ያለው አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ጋዙም ለማንም ሳይጠቅም ይወጣል።

በእርግጥ ይሠራል ወይ? በበርሜል ሞክረነዋል። የአትክልት ልጣጭና የተረፈ ምግብ ከእበት ጋር በውሃ በጠበጥን። እበቱ የገባው ተሕዋስያኑን ይዞ ስለሚመጣ ነው። አፉን አሽገን በቱቦ ከላስቲክ ከረጢት ጋር አገናኘነው። ከረጢቱ በቀናት ውስጥ ተነፋ፤ ክብሪት ስንጭርበት ግን እምቢ አለ። መጀመሪያ የሚወጣው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ አይነድም። ታገስን። ከሳምንታት በኋላ ሰማያዊ ነበልባል ያዘ። ድስት ጣድንበት፣ ውሃው ፈላ፣ የድስቱ ቂጥ ጥቀርሻ እንኳ አልነካውም። በጭስ ዓይኗ ሲያለቅስ የኖረች እናት ያን ድስት ገልብጣ ስታየው ብታዩ ደስ ይላችሁ ነበር።

ተብላልቶ የሚወጣው ዝቃጭም አይጣልም። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ውስጡ ስለሚቀር ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

የምንለምናችሁ የአቅማችሁን ገንዘብ ነው፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ተጽፎ ጉድጓዱ አጠገብ ይለጠፋል። ግንበኛ ወይም የቧንቧ ሠራተኛ የሆናችሁ የአንድ ቀን ጉልበት ስጡን።

ገንዘብ የሌላችሁም ቆሻሻችሁን ለይታችሁ አምጡልን። ይህ ከገንዘቡ አያንስም። ፌስታል ቱቦ ይዘጋል፣ በረኪና ተሕዋስያኑን ይገድላል፣ እንጨት አየር በሌለበት አይፈርስም። ደግሞ አጠራቅማችሁ በአንዴ አትጫኑት፤ ጉድጓዱ ይኮመጥጥና ጋዝ መስጠቱን ያቆማል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚፈልገው።

ባልዲዎቹ ከዛሬ ጀምሮ በየበራችሁ ይታደላሉ።